ከሰማይ የመጣ ሁሉ ይታመናል? ሳይንስ ፊክሽን ፊልምና የጎንደር ተመልካች

ሰሞኑን ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ አንድ ወሬ ይዞራል። መጽሐፈ ሄኖክ የሚያወራው ስለ ኤልያን ነው ይላል። ትጉሃን የተባሉት መላእክት ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን ናቸው፤ ሄኖክን ወደ ሰማይ ያነሳው ነፋስ ደግሞ መንኮራኩር ነው። ከጀርባ የሚያስፈራ ሙዚቃ ይገባበታል። ከሆሊውድ ፊልም የተቆረጠ ምስል ይለጠፍበታል። ከዚያ «የተደበቀው ምስጢር» ተብሎ ይለቀቃል። ኮሜንቱ ለሁለት ይከፈላል። ገሚሱ «እውነት ነው፣ ደብቀውን ነው» ይላል። ገሚሱ «ኤልያን የምትሉት ራሱ ሰይጣን ነው» ብሎ ይመልሳል። ፊልሙን ያየው ብዙ ነው። መጽሐፉን ያነበበው ጥቂት መሆኑ ግን ከክርክሩ ያስታውቃል።

ጎንደር ተቀምጦ ይህን ለሚያይ ሰው ነገሩ ትንሽ ያስቃል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ። እስከ 1771 መጨረሻ ድረስ አገሩ ላይ ቆየ። ሲመለስ ከያዛቸው የብራና መጻሕፍት መካከል የግዕዙ ሄኖክ ነበረበት። አንዱን ቅጂ ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፤ ሌላው ኦክስፎርድ ገባ። አውሮፓ ውስጥ መጽሐፉ ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር፤ የሚታወቀው ቁርጥራጩ ብቻ ነው። ሪቻርድ ሎረንስ የተባለ ሊቅ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ያሳተመው በ1821 ነው። ኋላም ሙት ባሕር አጠገብ፣ ቁምራን ዋሻዎች ውስጥ፣ የአራማይክ ቁርጥራጮች ተገኙ። ሙሉው ግን ዛሬም ያለው በግዕዝ ብቻ ነው። ስለዚህ «ጠፍቶ የተገኘው መጽሐፍ» የሚለው የዩቲዩብ አርዕስት እኛ ጋ አይሠራም። ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ ነው። የትም አልሄደም።

መጽሐፉ ምን ይላል? 200 መላእክት ተማምለው አርሞንኤም ተራራ ላይ ይወርዳሉ። የሰው ሴቶችን ያገባሉ። እውቀትም ያስተምራሉ። አዛዝኤል ሰይፍና ቢላ፣ ጋሻና ጥሩር መሥራትን ያሳያል፤ አምባርና ኩልንም ይጨምራል። ሌሎቹ ሥር መቁረጥን፣ አስማትን፣ ኮከብ ቆጠራን ያስተምራሉ። ምድር በደም ትሞላና ትጮኻለች። ሴራውን ብቻ ካያችሁት እርግጥም የሳይንስ ፊክሽን ፊልም ይመስላል። ከላይ የመጡ ፍጡራን አሉ፣ ከጊዜው የቀደመ ቴክኖሎጂ አለ፣ ያልተዘጋጀ ሰው አለ፣ መጨረሻው ጥፋት ነው።

ልዩነቱ ጥያቄው ላይ ነው። ቲክቶኩ «ከየትኛው ፕላኔት መጡ?» ይላል። መጽሐፉን የሚያሳስበው ማን ላካቸው የሚለው ነው። ማንም አልላካቸውም። ከሰማይ ስለመጡ ብቻ የሚታመኑ አልሆኑም።

ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ወደ ፊልሞቹ የምሄደው። ፊልሞቹን የሠሩት ሰዎች በአብዛኛው የጠየቁት «ላይ ማን አለ?» ብለው ነው። ከጎንደር ለሚያይ ሰው ግን የሚከብደው ሌላው ይመስለኛል። የመጣው ማን ነው? በምን እናውቀዋለን?

ባዶው ሰማይ

እ.ኤ.አ. በ1968 ስታንሊ ኩብሪክ «2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» የተባለውን ፊልም አወጣ። የሰው ዘር ገና ጦጣ መሰል በሆነበት ዘመን አንድ ጥቁር፣ ልስልስ ያለ ቋሚ ድንጋይ በረሃ ላይ ቆሞ ይገኛል። ማን እንዳቆመው አይታወቅም። ፍጡራኑ እየፈሩ ይነኩታል። ከዚያ አንዱ ከወደቀ አጽም ላይ አጥንት ያነሳል፣ ያገላብጠዋል፣ መሣሪያ መሆኑ ይገባዋል። መጀመሪያ እንስሳ ይገድልበታል። ብዙ ሳይቆይ ደግሞ የገዛ ወገኑን ይገድልበታል። ኩብሪክ ሄኖክን አስቦ ይሥራው አይሥራው ሌላ ነገር ነው፤ ግን አዛዝኤልን የሚያውቅ ተመልካች እዚህ ቦታ ላይ ቀና ማለቱ አይቀርም። ከላይ የመጣው ስጦታ መጀመሪያ የሆነው ሰይፍ ነው።

ኩብሪክ በዚያው ዓመት በሰጠው ቃለ ምልልስ የፊልሙ እምብርት የእግዚአብሔር ሐሳብ መሆኑን ተናግሯል። ነገር ግን በልማድ የምናውቀው፣ በሰው አምሳል የሚሳለው አምላክ አይደለም ብሏል። ይህ አባባል የብዙ ምዕራባውያን ፊልሞች ቁልፍ ነው። አምላክን ከመንበሩ ያስነሳሉ፤ መንበሩን ግን አይጥሉትም። ባዶውን ያስቀምጡትና በላዩ ላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ብርሃን ወይም የጠፈር መርከብ ያስቀምጣሉ።

የሚገርመው በዚሁ በ1968 የሆነው ነው። ታኅሣሥ 24 ቀን በእነሱ አቆጣጠር፣ የገናቸው ዋዜማ ላይ፣ አፖሎ 8 ጨረቃን ሲዞር ነበር። ሦስቱ ጠፈርተኞች ለምድር ሕዝብ ምን አነበቡ? ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1፣ ከቁጥር 1 እስከ 10። ፊልም ሠሪው አምላክን በድንጋይ ሲተካ፣ እውነተኞቹ ጠፈርተኞች «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» እያሉ ነበር። ሳይንስ ሰማዩን ባዶ አደረገው የሚለውን ወሬ ከሳይንስ ይልቅ ፊልሙ ነው ያሰራጨው ብል ብዙም የተጋነነ አይመስለኝም።

ሰው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሲተው ጥያቄው አብሮ አይተወውም። እ.ኤ.አ. በ2001 የእንግሊዝና የዌልስ ሕዝብ ቆጠራ ከ390 ሺህ በላይ ሰዎች ሃይማኖታቸውን «ጄዳይ» ብለው ሞልተዋል። ጄዳይ ማለት የ«ስታር ዋርስ» ፊልም መነኩሴ መሰል ተዋጊ ነው። አብዛኛው ለቀልድ ነው ያደረገው። ቢሆንም ለመቀለድ እንኳ ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ፊልም መምረጡ የሚነግረን ነገር አለ።

ከእነዚህ ሁሉ ጥያቄውን በቅንነት ያነሳው «ኮንታክት» ይመስለኛል። ፊልሙ የወጣው በ1997 ነው፤ መሠረቱ የሥነ ፈለክ ሳይንቲስቱ ካርል ሴጋን መጽሐፍ ነው። ኤሊ የምትባል ሳይንቲስት ከቪጋ ኮከብ አቅጣጫ የሬዲዮ መልእክት ትሰማለች። ወደዚያ የሚሄደውን ሰው የሚመርጠው ኮሚቴ በአምላክ ታምኚያለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃታል። ማስረጃ የሌለውን አልቀበልም ባይ ናትና በዚህ ምክንያት ትወድቃለች። በኋላ ግን ዕድሉ ይደርሳታል። ሄዳ ትመለሳለች፤ ያየችውን ለማስረዳት ማስረጃ የላትም። ምድር ላይ የቆዩት ያዩት ማሽኑ ወዲያው ሲወድቅ ነው። መቅረጫዋ ላይ ያለው ጫጫታ ብቻ ነው፤ ግን ጫጫታው 18 ሰዓት ያህል ርዝመት አለው። ማስረጃ ስትጠይቅ የኖረችው ሴት «እመኑኝ፣ አይቻለሁ» ማለት ግድ ሆነባት። ፊልሙ ለአማኙም ለሳይንቲስቱም አላዳላም፤ ሁለቱንም በየተራ ያሳፍራቸዋል።

የሞላው ሰማይ

አሁን ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንሂድ። ጣሪያው ላይ መላእክት በሰልፍ ተሥለዋል። ክንፍና ፊት ብቻ ናቸው። ዓይናቸው የትም ብትቆሙ ያያችኋል። እዚያ ጣሪያ ሥር እያንጋጠጠ ያደገ ልጅ «ላይ ማን አለ?» የሚለው የፊልም ጥያቄ ብዙም አያስጨንቀውም። ላይ ብዙ ሰው፣ ይቅርታ፣ ብዙ መልአክ አለ። የአብነት ተማሪ ሆኖ ካደገማ ሰባቱን ሰማያት በስም ይጠራቸዋል፦ ጽርሐ አርያም፣ መንበረ መንግሥት፣ ሰማይ ውዱድ፣ ኢየሩሳሌም ሰማያዊት፣ ኢዮር፣ ራማ፣ ኤረር። አዲስ ዓለም ሠፈር መድረሳ የተማረው እኩያውም ስለ ሰባት ሰማያት ሰምቷል፤ ጂን ምን እንደሆነም ያውቃል። ሁለቱም ሰማዩን ሞልተው ነው ፊልም የሚከፍቱት።

ለዚህ ነው አንዳንዱ ፊልም እኛ ጋ ሲደርስ የሚከሽፈው። «ኢንተርስቴላር» ጥሩ ምሳሌ ነው። የ2014 ፊልም ነው። የፊዚክስ ሊቁ ኪፕ ቶርን አማክሮበታል። አንዷ ፕላኔት ላይ አንድ ሰዓት መቆየት ምድር ላይ 7 ዓመት ይበላል። አባት ተመልሶ የልጆቹን የዓመታት መልእክት አከታትሎ ሲያይና ሲያለቅስ ያላለቀሰ ተመልካች አላውቅም። ሙዚቃው የተቀረፀው በለንደን ቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ነው። እንግዲህ ስለ ጠፈር የሚያወራ ፊልም ግርማ ሞገስ ሲፈልግ የሄደው ቤተ ክርስቲያን ነው። (ፊልሙ እዚህ ቢሠራ ኖሮ በገና ይበቃው ነበር። ዐቢይ ጾም ላይ የበገና ድምፅ የሚያደርገውን የሚያውቅ ያውቀዋል።) ግን መጨረሻው ላይ ሰውን ሲረዱ የነበሩት ምስጢራዊዎቹ «እነሱ» የወደፊት ሰዎች፣ ማለትም እኛው ሆነን እንገኛለን። ለምዕራቡ ተመልካች ይህ ታላቅ መልስ ነው፤ ባዶውን ሰማይ በራሱ ሞላዋ። እኔ ግን ፊልሙ እዚያ ላይ ጠበበብኝ። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ መስታወት ፊት መቆም ነው።

ማህዲው

«ዱን» ግን ሌላ ነው። ጎንደር ላይ በሌላ ዓይን የሚታይ ፊልም ቢኖር እሱ ነው።

የፍራንክ ኸርበርት መጽሐፍ የወጣው በ1965 ነው። የዴኒ ቪልኔቭ ፊልሞች በ2021 እና በ2024 ወጡ። ታሪኩን በአጭሩ ላስቀምጠው። በረሃማ ፕላኔት ላይ የሚኖር የተጨቆነ ሕዝብ አለ። ነጻ አውጪ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። ፖል የሚባል የመኳንንት ልጅ ይመጣል፤ ምልክቶቹ ሁሉ እሱ ላይ ይገጣጠማሉ። ሕዝቡ «ማህዲ» (በእስልምና የሚጠበቀው መሪ) ይለዋል፤ «ሊሳን አል ጋይብ» (የስውሩ ዓለም ልሳን) ይለዋል። አዲስ ዓለም ያደገ ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ ትርጉም አላስፈለገውም። የታሪኩ መርዝ ያለው ግን ትንቢቱ ላይ ነው። ትንቢቱን የዘራው አንድ የሴቶች ማኅበር ነው። አንድ ቀን ይጠቅመናል ብለው ከብዙ ዘመን በፊት ሆን ብለው ሕዝቡ መሐል ዘሩት። ፖል ይህን ያውቃል። በስሙ የሚመጣውን የደም ጎርፍም አስቀድሞ ያያል። ሆኖም ይቀበለዋል።

ለሆሊውድ ተመልካች ይህ ምናባዊ ታሪክ ነው። ለጎንደር ታሪክ ብቻ ነው። መሐመድ አህመድ ሱዳን ውስጥ «ማህዲ ነኝ» ብሎ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። እሱ በ1885 ሞተ፤ መንግሥቱ ግን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በጥር 1888 በአቡ አንጃ የሚመራው ጦር ሳር ውሃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት ድል አድርጎ ጎንደር ገባ። ከተማዋን ዘረፈ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ፤ የንብ መንጋ ተነሥቶ ጠበቀው ይላሉ አባቶች። በቀጣዩ ዓመት አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። እዚህ አገር ሽማግሌዎች «ድርቡሽ» ሲሉ ስለ ፊልም አይደለም የሚያወሩት።

ለፍትሕ ሲባል ሌላውም ይነገር። የማህዲውን ጥያቄ ያኔ ብዙ የሱዳንና የግብፅ ዑለማዎች አልተቀበሉትም፤ ጽፈውም ተቃውመውታል። በእኛም በኩል ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ1878 የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ማዘዛቸው፣ የአዲስ ዓለም ሰዎችም መከራ ማየታቸው የታሪክ እውነት ነው። «አምላክ አዞኝ ነው» የሚል ሰው በአንድ ወገን ብቻ አልተነሳም።

ስለዚህ «ዱን»ን ስናይ የሚነሳው ጥያቄ ነጻ አውጪ አለ ወይ የሚለው አይደለም። ሰው በተራበና በተጨነቀ ጊዜ «እኔ ነኝ» ብሎ የሚመጣውን በምን እንመዝነው ነው። ሐዋርያው ዮሐንስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 4 ላይ መንፈስን ሁሉ አትመኑ፣ መርምሩ የሚለው ለዚህ ነው። ቪልኔቭ ሁለተኛው ፊልም ላይ ቻኒ የምትባለውን ልጅ ከመጽሐፉ በተለየ ጥርጣሬ ሰጥቷታል። ሁሉም ሲንበረከክ እሷ ጥላ ትሄዳለች። ብዙ ሰው «ወይኔ፣ ትወደው አልነበር እንዴ?» ብሎ አዘነባት። እኔ የፊልሙ ብቸኛዋ መንፈሳዊ ሰው እሷ ትመስለኛለች።

እርም ያልወጣለት ሰው

ከሁሉም ለእኛ ቅርብ ሆነው የማገኛቸው የሩሲያዊው አንድሬ ታርኮቭስኪ ሁለት ፊልሞች ናቸው። ምክንያቱ አይከብድም። ሰውየው የወጣው ከኦርቶዶክስ አገር ነው፤ የሠራው ደግሞ ሃይማኖትን በሚያዋርድ መንግሥት ሥር ነው። በደርግ ዘመን «ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው» ሲባል ውሎ ማታ ተደብቆ ልጁን ያስጠመቀ ካድሬ የሚያውቅ ሰው የዚህን ፊልም ሠሪ ልብ ይረዳል።

«ሶላሪስ» የወጣው በ1972 ነው። ኬልቪን የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ወደ አንድ ሩቅ ፕላኔት ጣቢያ ይላካል። ፕላኔቷ በውቅያኖስ የተሸፈነች ናት፤ ውቅያኖሱ ደግሞ ያስባል። እዚያ ያለ ሰው ሲተኛ ከኅሊናው ጓዳ ውስጥ አንድ ሰው አውጥቶ በሥጋ ይልክለታል። ለኬልቪን የመጣችለት ራሷን ያጠፋችው ሚስቱ ሐሪ ናት። መጀመሪያ በሮኬት አሳፍሮ ያባርራታል። ተመልሳ ትመጣለች። ቀስ በቀስ ይወዳታል። እሷም ቀስ በቀስ ሰው እየሆነች፣ «እኔ ማን ነኝ?» እያለች ትሰቃያለች። የመጽሐፉ ደራሲ ስታኒስላቭ ሌም ፊልሙን አልወደደውም። እኔ ስለ ጠፈርና ስለ እውቀት ወሰን ጻፍኩ፣ እሱ «ወንጀልና ቅጣት»ን ሠራ ብሎ አማርሯል። ሌም ልክ ነው። ፊልሙን ታላቅ ያደረገውም ይኸው ነው።

ጎንደሬ ሆነህ ስታየው መጀመሪያ የሚታይህ አንድ ነገር ነው፤ ኬልቪን እርሙን አላወጣም። ለቅሶ የተቀመጠለት የለም። ሰልስት የለም፣ አርባ የለም፣ ተዝካር የለም። የምታስለቅስ አልቃሽ፣ ድንኳን የሚጥል እድር፣ «አይዞህ» ብሎ አብሮ የሚያድር ጎረቤት አላገኘም። ሐዘኑን እንደተሸከመ ብቻውን መንኮራኩር ላይ ወጣ። እና ሟቿ ክፍሉ ድረስ መጣችበት። እኛ ሞትን በቀጠሮ ከፋፍለን፣ በጋራ ተሸክመን ነው የምናሳልፈው። ሥርዓቱ ውድ ነው፣ ያደክማል፣ አንዳንዴም ለይሉኝታ ይሆናል፤ የተዝካር ወጪ ያደኸየው ሰው ብዙ ነው። ግን ኬልቪንን ካየሁ በኋላ ሥርዓቱ ምን ይሠራ እንደነበር የበለጠ ገባኝ።

መጨረሻው ላይ ኬልቪን አባቱ ቤት ደጃፍ ላይ ተንበርክኮ አባቱን ያቅፋል። ምስሉ ሬምብራንት ከሣለው የጠፋው ልጅ መመለስ የተወሰደ ነው፤ ሉቃስ 15 ማለት ነው። ከዚያ ካሜራው ወደ ላይ ይወጣል። ቤቱ ያለው በውቅያኖሱ ላይ በበቀለች ደሴት ውስጥ ነው። ይቅርታውን የሰጠው አባቱ ነው ወይስ ውቅያኖሱ የሠራው ምስል? ታርኮቭስኪ አይነግረንም።

ይህ ጥያቄ ዛሬ የፊልም ብቻ አይደለም። የሞተ ሰው የጻፈውንና የተናገረውን ሰብስቦ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደገና የሚያናግር አገልግሎት የሚሸጡ ድርጅቶች በውጭ አገር ተፈጥረዋል። እኛ ጋ ደግሞ ለንስሐ አባቱ ያልነገረውን ለቻትጂፒቲ የሚጽፍ ወጣት ብርቅ አይደለም። ሌሊት ነው፣ አያፍርም፣ አይቆጣም፣ ወዲያው ይመልሳል። መልሱም ጥቅስ አለው፣ ለዛ አለው። ግን ያ ማሽን ምንድን ነው? ሰው የጻፈውን ከየቦታው ሰብስቦ የሰው መልክ አስይዞ የሚመልስ ነው። የሶላሪስ ውቅያኖስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ኑዛዜን መስማት ይችል ይሆናል። ይፍታህ ለማለት ግን የላከው የለም። የንስሐ አባት ቢያንስ ማን እንደሾማቸው ይታወቃል፤ ቢያጠፉም የሚጠየቁበት አለ።

«ብሌድ ራነር» በ1982 ተመሳሳዩን ነገር ከማሽኑ ወገን ሆኖ አሳይቶታል። እዚያ የተሠራው ሰው ዕድሜው 4 ዓመት ብቻ ነው። ሠሪው ዘንድ ወጥቶ ዕድሜ ጨምርልኝ ይለዋል። ሠሪው አይቻልም ይለዋል። ተፈጣሪው ፈጣሪውን ይገድላል። በኋላ ግን ሊገድለው የመጣውን አዳኝ ከሞት ያድነዋል። ከሠሪው ያላገኘውን ምሕረት ከየት አመጣው? ፊልሙ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ምስጢር ይህ ነው።

ክፍሉ

ሁለተኛው የታርኮቭስኪ ፊልም፣ የ1979ኙ «ስቶከር»፣ መንኮራኩር የለውም፣ ኤልያን የለውም። በወታደር የሚጠበቅ የተከለከለ ቦታ አለ፤ ዞን ይሉታል። መሐሉ ላይ አንድ ክፍል አለ። የገባ ሰው ምኞቱ ይፈጸምለታል። አንድ መሪ ደራሲና ፕሮፌሰር ይዞ ይሄዳል። በቀጥታ መንገድ አይኬድም። መሪው ጨርቅ የታሰረበት ብሎን ወደፊት እየወረወረ፣ እየዞረ ነው የሚወስዳቸው።

ክፍሉ የሚሰጠው ግን አፍ የለመነውን አይደለም። ልብ በእውነት የሚፈልገውን ነው። ከእነሱ በፊት የነበረ አንድ መሪ በሱ ጥፋት ለሞተው ወንድሙ ሊለምን ሄደ ይባላል። ቤቱ ሲመለስ ሀብታም ሆነ። ምን እንደተመኘ ሲገባው ራሱን ሰቀለ። ሁለቱ ተጓዦች ይህን ያውቃሉና ደፉ ላይ ደርሰው አይገቡም።

እስቲ ይህን ወደ ስለት እናምጣው። ሰው ለታቦት ይሳላል። ልጅ ከወለድኩ፣ ውጭ ከሄድኩ፣ ከዳንኩ ጃንጥላ አስገባለሁ፣ ጧፍ አበራለሁ ይላል። ሲሰምርለት እልል ብሎ ያገባል። ስለት ምኞትን በአደባባይ፣ በሰው ፊት፣ በስም ጠርቶ መናገር ነው። «ስቶከር» የሚያስፈራው ያልተናገርነው ቢሰምር ብሎ ስለሚጠይቅ ነው። መሪው መጨረሻ ላይ ቤቱ ገብቶ የሚያምን ሰው ጠፋ ብሎ ሚስቱ ፊት ያለቅሳል። ዋልድባ ደርሶ የመጣ ሰው ከተማ ገብቶ የሚያወራው ሰው ሲያጣ እንዲህ ይሆናል።

ይህን ዓይነት ፊልም ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። ርዝመቱ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ነው፤ ደቂቃዎች ሙሉ ማንም ላይናገር ይችላል። ጎንደር ግን ለዚህ እንግዳ አይደለችም። የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ የተከፈለው እዚህ ነው። አንዱን ጥቅስ እንዲህም ይሆናል፣ እንዲያም ይሆናል እያሉ ደርድሮ አንዱን ለመጣል አለመቸኮል የቆየ ሙያችን ነው። ስለ ቅባትና ተዋሕዶ በነገሥታቱ ፊት ጉባኤ የተቀመጠባት ከተማ ናት። አሁን ግን አንድ ፊልም ባለቀ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «መጨረሻው ሲብራራ» የሚል ቪዲዮ ፍለጋ እንገባለን።

በፍላሽ የመጣ ጠፈር

አብዛኛው ሰው እነዚህን ፊልሞች የሚያያቸው በትርጉም ነው። አንድ ተራኪ ሁሉንም ገጸ ባሕርይ በአንድ ድምፅ ያወራል፤ ቀልድ ይጨምራል፣ ተረት ይጨምራል፣ ሲሰለቸው ያሳጥራል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየ ጊዜ ፊልም በፍላሽና በሚሞሪ ነበር ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው። ትርጉሙን አልንቅም፤ ብዙ ሰው በሱ ነው ፊልም የለመደው። ችግሩ ተራኪው የማያስቸግረውን ይመርጣል። ጥይት ያለበት ይተረጎማል፤ ዝምታ ያለበት ይቀራል። ዝምታን ምን ብሎ ይተርክ?

በአማርኛ የተሠራም አለ። «ክረምብስ» ይባላል፤ የ2015 እ.ኤ.አ. ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ሚጌል ሊያንሶ ስፔናዊ ነው፤ ተዋንያኑ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው። ዳሎል ላይም ተቀርጿል። ዓለም ካለቀች በኋላ ነው። ሰማይ ላይ የቆመ የጠፈር መርከብ አለ። የተረፉት ሰዎች የእኛን ዘመን ትርፍራፊ፣ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ሳይቀር፣ እንደ ንዋየ ቅድሳት ያከብሩታል። የማይክል ጆርዳን ሥዕል ፊት ይጸለያል። የገና አባትን ፍለጋ ይኬዳል። አንዳንድ አማኝ ሊያስቀይመው ይችላል። እኔ ግን ከሁሉም ፊልሞች «ማን ላከው?» የሚለውን ጥያቄ በሳቅ ያነሳው እሱ ነው እላለሁ። ኮንቴይነር የጫነውን ሁሉ ስንቀበል የኖርን ሰዎች ነንና።

ስለ ኤልያኑ ወሬም አንድ ነገር ልበል። በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምክር ቤት ስለማይታወቁ በራሪ ነገሮች ምስክር ሰምቷል። ያ ቪዲዮ በአማርኛ ተቆራርጦ ስንት ጊዜ እንደተለቀቀ እናንተም ታውቃላችሁ። ከሁለት ወር በኋላ ናሳ ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን ከሌላ ዓለም የመጡ ለመሆናቸው ማስረጃ አላገኘንም ሲል ያወጣው ሪፖርት ግን ቲክቶክ ላይ ብዙም አልታየም። ሙዚቃ አይገባበትማ።

ማየት የሚፈልግ ሰው በ«ስቶከር» አይጀምር፤ ይተኛል። «ኮንታክት» ይቀላል። ከሱ ቀጥሎ «ዱን» ይሁን፤ ከተቻለ የድርቡሽን ነገር ከአያቶቹ የሰማ ሽማግሌ አጠገብ ቁጭ ብሎ። «ሶላሪስ»ና «ስቶከር»ን የሩሲያው ሞስፊልም ራሱ ዩቲዩብ ላይ በነጻ ለቋቸዋል፤ ከሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አላቸው። ዳታ ይበላሉ፣ ሌሊት በቅናሽ ጥቅል ማውረድ ይሻላል። መጽሐፈ ሄኖክን ግን ዳታ ሳትከፍሉ ታገኙታላችሁ። መላእክቱ ከሚወርዱበት ጀምሩ።